የአነስተኛ ትራክተር የመሪ ክፍሎች ማለቅና ጥገና፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሚገኙ ባለትራክተሮች የቀረበ መረጃ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው አነስተኛ ትራክተር ላላቸው አርሶ አደሮችና ማኅበራት፣ በኪራይ ለሚያርሱ ኦፕሬተሮች፣ እንዲሁም ትራክተር ተከራይተው ማሳቸውን ለሚያሳርሱ ተገልጋዮች ነው። የመሪ ክፍሎች ማለቃቸው በምን እንደሚታወቅ፣ የትኛው ሥራ በባለቤቱ እጅ ሊከናወን እንደሚችል፣ የትኛው ወደ ጋራዥና ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ እንደሚገባው፣ የትኛው ክፍል ደግሞ መለወጥ እንጂ መጠገን እንደሌለበት ያብራራል።

ሞተሩ የታመመ ትራክተር ማሳ ላይ ይቆማል፤ ጉዳቱም የጊዜና የገንዘብ ነው። መሪው ያለቀ ትራክተር ግን ከነጉድለቱ መሥራቱን ስለሚቀጥል ባለቤቱ ጉድለቱን ይለምደዋል። «መሪው ትንሽ ይጫወታል» ተብሎ አንድ ክረምት፣ ከዚያም ሁለት ክረምት ይታለፋል። ይህ «ትንሽ» የተባለው ልልነት በደንቢያ ሜዳ ላይ ትልሙን ከማጣመም ላያልፍ ይችላል። ከወገራና ከዳባት ተዳፋት ማሳዎች እህል የጫነ ተሳቢ እየጎተተ በሚወርድ ትራክተር ላይ ግን የኦፕሬተሩንና በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ሰው ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የመሪ ምርመራ የሚያዝያና የግንቦት ሥራ ሊሆን ይገባል። በሰኔና በሐምሌ የእርሻ ሥራ ሲጣደፍ ትራክተሩን ፈትቶ ዕቃ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ መጠበቅ የዘር ጊዜን ማሳለፍ ነው።

ትራክተር ለጎንደር አካባቢ እንግዳ አይደለም። በሁመራና በመተማ ቆላ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች በ1960ዎቹ በትራክተር ይታረሱ ነበር፤ በጎንደር ከተማ ያለው የጥገና ልምድም ከትልልቆቹ ማሽኖች ጋር ረጅም ትውውቅ አለው። ወደ ደጋው የሚወጡት አነስተኛ ባለአራት ጎማና ባለሁለት ጎማ ትራክተሮች ግን በአንጻሩ አዲስ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ልዩ ልዩ ሥሪት ያላቸው ማሽኖች ወደ አገር ውስጥ ገብተዋል። ይህ በጎ ነገር ቢሆንም፣ በመልክ ተመሳሳይ የሆኑ፣ በልክ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለያዩ የመሪ ክፍሎች በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ምክንያት ሆኗል። ከዚህ በታች ከሚቀርቡት ምክሮች አንዳንዶቹ ከዚህ ሁኔታ የሚነሡ ናቸው።

የመሪ ክፍሎች በዚህ አካባቢ ፈጥነው የሚያልቁበት ምክንያት

የባለአራት ጎማ ትራክተር መሪ ከመቀመጫው ፊት ካለው ክብ እጀታ ይጀምራል። እጀታው በመሪ ዘንግ በኩል የመሪ ሳጥኑን ጥርሶች ያዞራል፤ ከሳጥኑ የሚወጣው አጭር ክንድ አገናኝ ዘንጎችን ይገፋል ወይም ይስባል፤ ዘንጎቹ በጫፋቸው ባሉት ባለኳስ መገጣጠሚያዎች አማካይነት የፊት ጎማዎቹን በመዞሪያ ፒናቸው ላይ ያዞራሉ። ፒኖቹ የሚዞሩበት ቀለበት በጋራዥ ቋንቋ ቦኮላ ይባላል። ጎማው ራሱ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ሲሆን፣ የፊት አክሱ በሙሉ ደግሞ በመካከሉ ባለ አንድ ወፍራም ፒን ላይ እንደ ሚዛን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። በእነዚህ መገጣጠሚያዎች መካከል ያለ ጥቂት ልልነት አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ እጀታው ላይ ሲደርስ ብዙ ሆኖ ይታያል።

ማለቁን የሚያፋጥኑ ነገሮች በአካባቢው ሞልተዋል። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ማሳዎች ድንጋያማ ናቸው፤ የፊት ጎማ ድንጋይ በመታ ቁጥር ምቱ በባለኳስ መገጣጠሚያዎቹና በፒኑ በኩል ያልፋል። በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ከመገጣጠሚያው ጋር ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቅና አቧራው ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላል። ከሁሉ በላይ ግን ትራክተሩን የሚያለፋው ማረስ ሳይሆን መጎተት ነው። አነስተኛ ትራክተር በዓመት ውስጥ የሚያርስባቸው ሳምንታት ጥቂት ናቸው፤ በቀረው ጊዜ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ውኃና እህል በተሳቢ ያመላልሳል። ከመጠን በላይ የተጫነ ተሳቢ የትራክተሩን ኋላ ወደ ታች ተጭኖ ፊቱን ያቀልለዋል። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በሚገባ ስለማይቆነጥጡ መሪው ከልክ በላይ ይቀልላል ወይም አልታዘዝ ይላል፤ ኦፕሬተሩም ጉድለቱ የመሪ ክፍል ማለቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ጭነቱ፣ የፊት ክብደቱና የፊት ጎማዎቹ ነፋስ እንደ ማሽኑ መመሪያ መሆናቸው መታየት አለበት።

ልልነቱን መለካትና ምንጩን ማግኘት

የመጀመሪያው መለኪያ ቀላል ነው። ትራክተሩ በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ እጀታው ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት ይደረጋል። እጀታው የፊት ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ በቀስታ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ይዞራል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል በእጀታው ጠርዝ ላይ ያለው ርቀት ልልነቱ ነው። የብዙ አነስተኛ ትራክተሮች መመሪያ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን እንደ ጤናማ ይቆጥረዋል፤ የራስ ማሽን መመሪያ ካለ ግን የሚበልጠው እርሱ ነው። መሪው በሃይድሮሊክ የሚታገዝ ከሆነ ልኬቱ ሞተሩ ተነሥቶ በዝግታ እየሠራ መወሰድ አለበት። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ከማርሽ ውጭ መሆኑና የእጅ ፍሬኑ መያዙ አስቀድሞ ይረጋገጣል።

ልኬቱ ከተፈቀደው በልጦ ሲገኝ ብዙዎች በቀጥታ የሚሄዱት ወደ መሪ ሳጥኑ ማጥበቂያ ብሎን ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል። የሳጥኑ ጥርሶች ብዙ የሚያልቁት መሪው ቀጥ ባለበት መካከለኛ ቦታ ላይ ነው፤ ትራክተር ዘወትር የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነውና። የመካከሉን ልልነት ለማጥፋት ሲባል ብሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ፣ መሪው እስከ መጨረሻው በሚታጠፍበት ጊዜ ያላለቁት ጥርሶች ይናከሳሉ። በማሳ ጫፍ ላይ የታጠፈው መሪም አልመለስ ይላል። ከዚህም በላይ ልልነቱ ከሳጥኑ ሳይሆን ከተበላ ባለኳስ መገጣጠሚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑን ማጥበቅ አደገኛውን ክፍል ሸፍኖ ጤነኛውን ማበላሸት ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ እጀታውን በልልነቱ ልክ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ ሁለተኛው ከመሪ ዘንጉ ጀምሮ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ተራ በተራ በመዳፉ ይይዛል። አንዱ ብረት እየተንቀሳቀሰ ተከታዩ ዝም የሚልበት ቦታ የጉድለቱ ቦታ ነው። ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል፤ በተለይ ባለኳስ መገጣጠሚያ ሲያልቅ ከመታየቱ በፊት በመዳፍ ላይ «ቋ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ሃይድሮሊክ መሪ ባለው ማሽን ሞተሩ እየሠራ ሳለ እጅን በዘንጎቹ መካከል ማስገባት አይፈቀድም፤ ለዚህ ደረጃ ሞተሩ ይጥፋና አንዱ ጎማውን እየያዘ ያወዛውዝ።

ቀጥሎ የፊት አክሱ በክሪክ ይነሣል። የኋላ ጎማዎች አስቀድመው ከፊትና ከኋላ ይታገታሉ፤ አክሱ ከተነሣም በኋላ በክሪክ ብቻ መተው የለበትም፣ በጠንካራ የብረት ወይም የእንጨት ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። በአካባቢው የተለመደው የድንጋይ ድርድር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ድንጋይ በጭነት ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። የተነሣው ጎማ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚወላወል ከሆነ ጉድለቱ ከኩሽኔታው ወይም ከመዞሪያ ፒኑ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከጎማው በስተጀርባ መመልከት ይበቃል፦ የጎማው እምብርት ብቻ ተንቀሳቅሶ ፒኑ ከቆመ ኩሽኔታው ነው፤ ፒኑ ራሱ በአክሱ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቦኮላው አልቋል። ጎማው በግራና በቀኝ ጠርዙ ተይዞ ሲገፋ የሚወላወል ከሆነ ደግሞ ወደ ባለኳስ መገጣጠሚያዎቹ ይጠቁማል። የአክሱ መካከለኛ ፒን ከአክሱ በታች ረጅም ብረት አስገብቶ ወደ ላይና ወደ ፊት በማንቀሳቀስ ይመረመራል። ይህ ፒን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ሲያልቅ ኦፕሬተሩ መሪውን ሳይነካ ትራክተሩ በራሱ ወዲያና ወዲህ ይቅበዘበዛል።

ባለቤቱ ራሱ ሊያከናውናቸው የሚችሉ ሥራዎች

ከሁሉ በፊት ግሪስ ነው። የግሪስ መስጫ ጡቶቹ በጨርቅ ከተጠረጉ በኋላ አሮጌው ጥቁር ግሪስ ተገፍቶ አዲሱ በጠርዙ እስኪታይ ድረስ ይሰጣል። በመደበኛ ሥራ በየ50 የሥራ ሰዓቱ፣ በጭቃና በአቧራ ውስጥ ሲሠራ ግን በየቀኑ መስጠት ይመከራል። ጡቱ አልቀበል ካለ መገጣጠሚያው ጤነኛ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ በደረቀ ግሪስ ስለተዘጋ ነው፤ ጡቱ ተፈትቶ መጽዳት ወይም መለወጥ አለበት። አንዳንድ ባለኳስ መገጣጠሚያዎች ጡት የላቸውም፤ እነዚህ ሲያልቁ የሚለወጡ ብቻ ናቸው። የአቧራ መከላከያ ጎማቸው ከተቀደደ ቆይታቸው አጭር ይሆናል።

የፊት ኩሽኔታ ማስተካከልም መፍቻና ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው። ክዳኑ ተነሥቶ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ኮፒሊያ ይወጣል፤ ኩሽኔታዎቹ በናፍጣ ታጥበው፣ ደርቀው ይታያሉ። ሰማያዊ የተቃጠለ ቀለም፣ የተቦረቦረ ወይም የተላጠ ገጽ ያለው ኩሽኔታ ከነውጪኛው ቀለበቱ ይለወጣል። ጤነኛው በአዲስ ግሪስ ተሞልቶ ይመለስና ጎማው እየተሽከረከረ ዳዶው ጎማው እስኪከብድ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያም ጎማው በነፃነት እንዲሽከረከር ወደ ኋላ ወደሚቀርበው የኮፒሊያ ቀዳዳ ይመለሳል። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በሽቦ ቁራጭ ወይም በሚስማር መተካት የጥቂት ብር ቁጠባ ሲሆን ውጤቱ ጎማ ከነእምብርቱ መውለቅ ሊሆን ይችላል።

ባለኳስ መገጣጠሚያን መለወጥ ከዚህ ጥቂት ይከብዳል። ከመፍታት በፊት የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ እንዳይጠፋ፣ መገጣጠሚያው ከዘንጉ ሲወጣ ስንት ሙሉ ዙር እንደዞረ መቁጠርና መጻፍ ያስፈልጋል፤ አዲሱም በዚያው ዙር ይገባል። ከዘንጉ ሁለት ጫፎች አንዱ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ የሚጠብቅ፣ ወደ ቀኝ የሚፈታ ጥርስ አለው፤ ይህን ሳያውቁ በጉልበት መታገል ዘንጉን ያበላሻል። የመገጣጠሚያው ሾጣጣ እግር ከክንዱ ቀዳዳ አልወጣ ሲል ጥርሱን ከታች በመዶሻ መምታት አይገባም። ዳዶው በጥቂቱ ላልቶ ባለበት ሆኖ፣ የክንዱ ቀዳዳ ጎን በአንድ በኩል በከባድ መዶሻ ተደግፎ በሌላው በኩል ቢመታ እግሩ ይለቃል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሾጣጣው ቀዳዳ ከዘይትና ከግሪስ ጸድቶ ይደርቅ። ዳዶው በልኩ ከጠበቀ በኋላ ለኮፒሊያ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደፊት ጥቂት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

ከዚህ በኋላ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ይለካል። የጎማዎቹ ፊት ከጀርባቸው በጥቂቱ መቀራረብ አለበት፤ በብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ልዩነቱ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። በእምብርቱ ከፍታ፣ በጎማዎቹ መካከለኛ መስመር ላይ ፊት ለፊት በጠመኔ ምልክት ተደርጎ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ትራክተሩ ተገፍቶ ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞርና ምልክቶቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ደግሞ እንደገና ይለካል። ይህን ያላደረገ ባለቤት አዲስ የፊት ጎማ በአንድ በጋ ጠርዙ ተልጦ ሲያገኘው ሊገረም አይገባም።

ወደ ጋራዥና ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄዱ ሥራዎች

የመዞሪያ ፒንና የቦኮላ ጥገና በጎንደር ከተማ በሚገኙ ቶርኖ ቤቶች በአግባቡ ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው። አዲስ ፒን ከነቦኮላው ከአስመጪው ከተገኘ እርሱ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ቦኮላ ከነሐስ ማስቀረጽ ተቀባይነት አለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ልኩን የመውሰድ ጉዳይ ነው። ያለቀ ፒን ክብ መሆኑ ይቀርና ሞላላ ይሆናል፤ ባለሙያው ባለቀው ቦታ ብቻ ለክቶ ቦኮላውን ቢቀርጽ ፒኑ አይገባም፣ ባላለቀው ለክቶ ቢቀርጽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይላላል። ስለዚህ ፒኑ በሁለቱም ቦታ በማይክሮ ሜትር መለካት አለበት፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ፒኑም አብሮ ይለወጣል። የቦኮላው የግሪስ ቀዳዳ ከአክሱ ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት መግጠሙን ባለቤቱ በዓይኑ ቢያረጋግጥ መልካም ነው። ቀዳዳው ከዞረ አዲሱ ቦኮላ ግሪስ ሳይደርሰው ያልቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም ጉድለት የለበትም።

የመሪ ሳጥን ሲከፈት ጥርሶቹ፣ ኩሽኔታዎቹና የዘይት መከላከያ ጎማው በአንድነት ይታያሉ። ሳጥኑ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ዘይት እየጨመሩ መሄድ ጊዜያዊ መፍትሔ ብቻ ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ በጥርስ የተያያዘ በመሆኑ ከመፈታቱ በፊት በክንዱና በዘንጉ ላይ የመገናኛ ምልክት መደረግ አለበት፤ በአንድ ጥርስ ቢዛነፍ ትራክተሩ በአንድ በኩል ሙሉ፣ በሌላው በኩል ጎዶሎ ይታጠፋል።

ብየዳ የማይፈቀድባቸው ክፍሎች

በዚህ ነጥብ ላይ ቃላችን ግልጽ ነው፦ የመሪ ክንድ፣ አገናኝ ዘንግ፣ የባለኳስ መገጣጠሚያ እግርና የመዞሪያ ፒን አይበየዱም። ብየዳ በገጠር ጋራዥ ከሁሉ ቀሎ የሚገኝ አገልግሎት በመሆኑ የተሰነጠቀ ክንድ በብየዳ ተሸፍኖ፣ ጥርሱ ያለቀ ክንድም ከሳጥኑ ዘንግ ጋር ተበይዶ ወደ ማሳ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ። እነዚህ ክፍሎች በልዩ ሙቀት የጠነከረ ብረት ናቸው። የብየዳው እሳት ከብየዳው መስመር አጠገብ ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጠዋል፤ ክፍሉ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቅና ያለማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። የሚበጠሰውም ከፍተኛ ኃይል በሚያርፍበት ጊዜ፣ ማለትም ተሳቢ ጎትቶ ሲታጠፍ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ነው። የተጣመመን ዘንግ በመዶሻ ማቃናትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቤተሰቡን በትራክተሩ ጎን የሚያሰማራ አርሶ አደር ለዚህ ክፍል አዲስ ዕቃ መጠበቁ ዋጋ አለው፤ እስከዚያው ድረስ ትራክተሩ ይቁም።

ባለሁለት ጎማ ትራክተር

በእጅ እየተመራ የሚሄደው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ክብ መሪ የለውም። በሁለቱ እጀታዎች ሥር ያሉት መያዣዎች ሲጨበጡ በዚያ በኩል ያለው ጎማ ከካምቢዮው ኃይል ይለያል፤ ሌላው ጎማ እየገፋ ስለሚቀጥል ማሽኑ ወደ ተጨበጠው ወገን ይዞራል። የግራው ሲጨበጥ ወደ ግራ ማለት ነው።

ቁልቁለት ላይ ግን ይህ ይገለበጣል። ማሽኑ በክብደቱ ወደ ታች ሲንደረደር ሞተሩ እየገፋ ሳይሆን እየያዘ ነው የሚሄደው። በዚህ ጊዜ የግራው መያዣ ቢጨበጥ የግራው ጎማ ከሞተሩ ቁጥጥር ወጥቶ ከቀኙ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን ያልተማረ ኦፕሬተር መንገዱን ለመያዝ አጥብቆ በጨበጠ ቁጥር ወደ ገደሉ ይቀርባል። ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፋፍና በጃናሞራ ተዳፋቶች ባሉ መንገዶች ይህን ማሽን የሚነዳ ሁሉ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ፣ የመሪ መያዣዎቹን ሳይነካ እጀታውን ራሱን በመግፋት መምራት ይኖርበታል። በተለይ ተሳቢ ከኋላ በሚገፋበት ጊዜ ስሕተቱን ለማረም ፋታ አይገኝም። መያዣዎቹ ያለቁ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ አንዱ ወገን ሳይጨበጥ በራሱ ሊለቅ ይችላልና።

የባለሁለት ጎማው የመሪ ጉድለት በሦስት መልክ ይታያል። መያዣው ተጨብጦ ማሽኑ የማይዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ገመዱ ወይም ዘንጉ ረዝሟል፤ በማስተካከያው ዳዶ ይጠብቃል። መያዣው ሲለቀቅ የማይመለስ ከሆነ ጭቃ ይዞታል፣ ወይም መላሽ ሞላው ተሰብሯል። በሥራ ላይ ሳለ ሳይጨበጥ ወደ አንድ ወገን የሚስብና «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን በመጀመሪያ ገመዱ ከልክ በላይ ተወጥሮ እንደሆነ ይታይ። መያዣው ሲለቀቅ ጥቂት ልል መሆን አለበት፤ ሁልጊዜ የተወጠረ ገመድ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ እንዳይገናኙ ያደርጋቸዋል። ገመዱ ልክ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት መያያዣ ጥርሶች ጠርዛቸው ተበልቶ ክብ ሆነዋል። ይህ ካምቢዮን መክፈት የሚጠይቅ የጋራዥ ሥራ ነው። ጥርሶቹን በብየዳ ሞልቶ መሞረድ ለጥቂት ቀናት ከመሥራት አያልፍም፤ የተላጠው ብረት በዘይቱ ውስጥ ገብቶ የቀሩትን ማርሾች ይበላል። ጥርሶቹ ጥንድ ሆነው ከነሞላቸው ይለወጣሉ፤ ዘይቱም አብሮ ይቀየራል።

ዕቃ ሲገዛና አገልግሎት ሲጠየቅ

ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚሄድ ሰው የዕቃውን ስም ከመጥራት ይልቅ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ታጥቦ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። አንዱ ክፍል በተለያዩ ጋራዦች በተለያየ ስም ይጠራል። የማሽኑ ሞዴልና የሻሲ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ፎቶግራፍ በስልክ መያዝ ደግሞ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ከመመለስ ያድናል። የሾጣጣው እግር ውፍረት፣ የጥርሱ ዓይነትና የሚፈታበት አቅጣጫ በሱቁ ውስጥ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር።

በጋራዥ የሚሠራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚለወጡት ዕቃዎች ዝርዝርና ዋጋቸው በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ከተሠራም በኋላ አሮጌዎቹ ዕቃዎች እንዲመለሱ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። ደረሰኝ መቀበል መዘንጋት የለበትም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ይህን መብት ለመጠቀም ማስረጃው ደረሰኙ ነው።

የምክር አገልግሎት የሚፈልጉ ባለትራክተሮች በመጀመሪያ የሚያመለክቱት ማሽኑ ለሚሠራበት ወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የቀድሞው የሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. በሦስት ዞኖች ከተከፈለ ወዲህ አንዳንድ ተገልጋዮች ወደማይመለከታቸው ዞን ሲሄዱ ይስተዋላል። ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር በመሆናቸው የዞን ጉዳያቸው በደባርቅ ከተማ ይታያል፤ ወገራ፣ ደንቢያና ጎንደር ዙሪያ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን ወረዳዎች ስለሆኑ ጉዳያቸው በጎንደር ከተማ ይታያል። የተከራዩት ትራክተር መሪ ልል መሆኑን ያስተዋሉ አርሶ አደሮችም ማሳቸው ተዳፋት ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኦፕሬተሩን ጠይቀው ልልነቱ በፊታቸው እንዲለካ ማድረግ ይችላሉ፤ መለኪያው ጠመኔና ማስመሪያ ብቻ ነው።

የተጠገነ መሪ ወዲያውኑ ወደ ሙሉ ሥራ አይገባም። በደልዳላ ሜዳ ላይ ያለጭነት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው እየታጠፈ ይሞከራል፤ በየትኛውም አቅጣጫ የሚነክስ፣ የሚከብድ ወይም አልመለስ የሚል ከሆነ ወደ ጋራዡ ይመለሳል። ከመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ሰዓታት በኋላ የተፈቱት ዳዶዎች ሁሉ በመፍቻ ይፈተሻሉ፣ ኮፒሊያዎቹ በቦታቸው መኖራቸው ይታያል፣ የእጀታው ልልነትም እንደገና ተለክቶ ከቀኑና ከሰዓት ቆጣሪው ንባብ ጋር በማሽኑ መዝገብ ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ሚያዝያ የሚወሰደው ልኬት ከዚህ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል።